የኮምባይነር ነጂው እጥበት

አሰላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አንድ ነገር ንጣቱ ዐይን ሲወጋ «የየሺሃረግ ነጭ» ይባል ነበር። ወተትም ቢሆን፣ አዲስ የተቀባ ግድግዳም ቢሆን ያው ነው። የሺሃረግ ነጠላ ስታሰጣ ጎረቤቱ የራሱን ልብስ ከገመድ ላይ ያወርዳል ይሉ ነበር። ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አልተጋነነም።

ባሏ ገብረ መድህን ደግሞ በሌላ ነገር የታወቀ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ኮምባይነር ላይ ነው። መጀመሪያ በመንግሥት እርሻ፣ ኋላም በግለሰብ ማሽን ተቀጥሮ፣ አጨዳው ቀድሞ ከሚደርስበት ከዴራ ቆላ ተነሥቶ ስንዴውን እየተከተለ እስከ ደጋው ገብስ ድረስ ይወጣ ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «እኔ ባጨድኩት ማሳ ላይ ቃራሚ አይመጣም። ምን ሊያገኝ!» ይላል። ጡረታ ከወጣም በኋላ ይላል፤ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም ይላል። ሰፈሩ ጉራውን ለምዶታል፤ ደግሞም እውነቱን ስለሆነ የሚቀየመው የለም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኩሩ ሰው እንዴት ይስማማል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ እሱ በአፉ ይኮራል፣ እሷ በልብሷ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የየሺሃረግ ጣቶች እምቢ አሉ። በጭላሎ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ልብስ ሲያሹ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ቁርጥማት ያዛቸውና እንደተጣጠፉ ቀሩ። ማንኪያ እንኳ በመከራ ነው የምትይዘው፤ ነጠላ መጭመቅማ የማይታሰብ ሆነ። ሴት ቀጠሩ። የመጀመሪያዋ ነጠላውን አመዳም አድርጋ መለሰችው። ሁለተኛዋ ሳሙናው ሳይለቅ አሰጣችውና ደርቆ ቢጫ ሆነ። የሺሃረግ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተወች።

«ራሴን አሞኛል» ትላለች። ማኅበር ቀረች፤ ቅዳሴ ቀረች። ለቅሶ እንኳ ሰው ተበትኖ ሲመሻሽ ነው ብቅ ብላ የምትመለሰው። ጎረቤቷ ማሚቱ፣ የሰፈሩን ወሬ ሳትሰማ የማትውል ሴት፣ አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ሆና «ጥምቀት እኮ እየደረሰ ነው የሺ! ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» አለቻት። የሺሃረግ «ይበጣጠስ» ብላት ወደ ቤት ገባች።

ገብረ መድህን ይህቺን ቃል ሰምቶ ደነገጠ። የሺሃረግ ቀልዷን አልነበረም። በጥምቀት ካልወጣች ከእንግዲህ መቼም እንደማትወጣ ያን ጊዜ ገባው። ሚስቱ በቁሟ ከሰው ልትለይበት ነው። የሚያደርገው ቢጠፋው አዳማ ነርስ ሆና ለምትሠራው ልጁ ለኤፊ ደወለላት።

ኤፊ ብዙ ማውራት አትወድም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታ በሁሴኖ አይሱዙ አስጫነችና ራሷም አብራ መጣች። ሁሴኖ ዱሮ ኮምባይነር ላይ የገብረ መድህን ረዳት የነበረ፣ ዛሬ የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ ካርቶኑ ተቀዶ በፊት ለፊቱ ክብ መስታወት ያለው በር ሲታይ በሳቅ ፈረሰ።

«ማሎ ገብሬ! ኮምባይነሩ ወለደ እንዴ?»

የሺሃረግ ግን አልሳቀችም። ዙሪያውን ዞራ አየችውና «ይሄ ልብሱን ሊያጥበው ነው ወይስ እንደ ቅቤ ሊንጠው?» ብላ ጠየቀች። መልስ ሳትጠብቅም ሄደች።

ማሽኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ኤፊ ከቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር አውጥታ እየቆረጠች፣ በእስክሪብቶ እየጻፈች በመዞሪያው ዙሪያ ለጠፈችበት። ጥጥ፣ ሰው ሠራሽ፣ ሱፍ፣ ፈጣን፣ ማለቅለቅ፣ መጭመቅ። ስትጨርስ ማሽኑ ከሆስፒታል ገና የወጣ በሽተኛ መሰለ።

«አባዬ፣ ልብሱ ጥጥ ከሆነ ጥጥ ላይ፣ ሱፍ ከሆነ ሱፍ ላይ ታደርጋለህ። ሌላ ምንም የለውም።»

«ልጄ፣ እኔ ኮምባይነር የነዳሁ ሰው ነኝ» አላት።

እውነትም ከማሽኑ ጋር ፍቅር በፍቅር ሆነ። ገብረ መድህን ማሽን ገዝቶ በሮቹን ሁሉ ሳይከፍት የሚያድር ሰው አይደለምና ኤፊ እንደሄደች ወዲያው ከፊትም ከታችም ከኋላም የሚከፈተውን ሁሉ ከፈተ፤ አይቶም መለሰ። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ ሮቶውን ይሞላል፤ ከዚያ በርጩማውን አምጥቶ ክቡ መስታወት ፊት ይቀመጣል። ውሃ ሲስብ ያዳምጣል። አዙሮ፣ ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ ሲያዞር ራሱን ይነቀንቃል። «እንደ ኮምባይነሩ ከበሮ አለው እኮ! በደንብ የተሠራ ከበሮ ነው!» ይላል ለራሱ። አንድ ጊዜ ጋቢ ብቻውን አስገብቶበት፣ ጋቢው ውሃውን ጠጥቶ በአንድ ወገን ቢከብድ ማሽኑ እየዘለለ ከጥግ እስከ በሩ ድረስ መጣበት። ገብረ መድህን እንደ ሸሸ በሬ አቅፎ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ጋቢውን ከፎጣዎች ጋር አመዛዝኖ ማስገባት ለመደ።

አንሶላው ወጣ፤ ካናቴራው ወጣ፤ የእንግዳው አልጋ ልብስ ወጣ። ሁሉም ጥሩ ነው። «የሺ! ነይ እዪ!» እያለ ይጣራል። እሷ ከመደቧ ሳትነሣ «አንሶላማ ማንም ያጥበዋል» ትለዋለች።

ይህቺ ነገር ከነከነችው። አንድ ቀን ሊያስደንቃት ፈለገና ለቅዳሴ ትለብሰው የነበረውን ቀይ ጥለት ያለው ነጠላዋን ሳታየው ከሣጥን አወጣ። ነጠላ ምንድን ነው? ጥጥ ነው። የተፈተለው ጥጥ፣ የተሸመነው ጥጥ፣ ሸማኔው ቢጠየቅ ጥጥ ነው የሚለው። መዞሪያውን ጥጥ ላይ አደረገ። የክት ልብስ ነው ብሎም ሙቀቱን ከፍ፣ ጭመቃውን ከፍ አደረገ፤ ሳሙናውንም አልሰሰተለትም። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ የምትደሰተውን መደሰት በሐሳቡ እያየ ጠበቀ።

የወጣው ነጠላ አልነበረም። ለሕፃን መጠቅለያ እንኳ የሚያጥር የተኮማተረ ጨርቅ ነው። ቀዩ ጥለት ለቆ ነጩን ሁሉ በርበሬ የታጠበበት ውሃ አስመስሎታል፤ ክሩም እዚህም እዚያም ተሳስቧል።

የሺሃረግ በሩ ላይ ቆማ አየችው። 

«የቀረኝ ስሜ ነበር» አለች። «እሱንም ቀቀልክልኝ።»

ያን ቀን ገብረ መድህን ምሳ አልበላም። ማሽኑ ፊት ተቀምጦ የተበላሸውን ነጠላ ጭኑ ላይ አድርጎ ዋለ። ረዳቶቹን ሲያሠለጥን ሁልጊዜ የሚላቸው ቃል ነበረው፤ «ማሽን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ነጂው ነው።» አሁን ቃሉ ወደራሱ ዞረበት። ኮራ ብሎ የኖረ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ ከሌላው ሰው ስሕተት ይከብደዋል። ቢሆንም ሰውዬው ማሽን አዋቂ ነውና ከማዘኑ ይልቅ ማሰቡ በረታ። የት ጋ ነው የሳተው?

ቀስ እያለ የብቅል ገብስ ትዝ አለው። ለብቅል የሚሸጥ ገብስ ስንዴ በሚወቃበት ፍጥነት አይወቃም። ከበሮው ከፈጠነ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ደግሞ አይበቅልም፤ ተረካቢው አንድ እፍኝ አንሥቶ አይቶ ሙሉውን መኪና ይመልሰዋል። ስለዚህ ነጂው ለብቅል ገብስ ከበሮውን ያቀዘቅዛል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ስንዴውንም ገብሱንም እህል ነው ይላል፤ ለከበሮው ግን አንድ አይደሉም።

ገብረ መድህን ከበርጩማው ብድግ አለ። ፕላስተሩ ላይ የተጻፈው ጥጥ የፋብሪካ ጥጥ ነው፤ ጠብቆ የተፈተለ፣ ጠብቆ የተሸመነ፣ ቢፈላም ቢጨመቅም የማይሰማው። ይሄ ነጠላ ግን በእንዝርት የተፈተለ ነው። ክሩ ልል ነው፤ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ሲጎተት ይሳሳል። በስሙ ጥጥ ይሁን እንጂ በጠባዩ የብቅል ገብስ ነው! ለሱ የሚሆነው ውሃው ቀዝቃዛ፣ ከበሮውም ዝግተኛ የሆነው ነው። መዞሪያውን እያዞረ ሁሉንም ባዶውን አስነሥቶ አየው፤ አዳመጠው። ዝግተኛው ሱፍ የተባለው ሆነ።

የራሱን ነጠላ አስገባበት። ቢበላሽ የራሱ ነው።

ደርቆ ሲያመጣላት የሺሃረግ እሱን ቀና ብላ አላየችውም፤ ነጠላውን ግን አየችው። ወደ ፀሐይ አወጣችው። በጣቷ መዳሰስ ባትችል በጉንጯ ዳሰሰችው። አሸተተችው።

«ሳሙናው አልለቀቀም» አለች። «ደግመህ ማለቅለቅ ነበረብህ። ሳሙናውስ ቢሆን ለምንድን ነው እንዲህ የምታበዛው? ግማሹ ይበቃል።»

ገብረ መድህን ሊከራከር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሚስቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ እጥበት ተናገረች። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከዚያ በኋላ በርጩማው ሁለት ሆነ። እሷ ታዛለች፣ እሱ ያስገባል። ጥለት ያለውን ልብስ ቀድሞ በጨው ውሃ ነከር አድርጎ ማውጣት፣ ነጩን ከባለቀለሙ መለየት፣ የአንገቱን እድፍ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደረቅ ሳሙና ማበስ፣ ይሄን ሁሉ ከሷ ተማረ። እሷም በተራዋ የትኛው ፕላስተር ምን እንደሚያደርግ ለመደች፤ ውሃው ሲወርድ በድምፁ ለይታ «በል ደግሞ አለቅልቀው» ማለት ጀመረች። የቤቱ ልብስ አንድ በአንድ ወደ ዱሮው ንጣቱ ተመለሰ።

«አንድ ነገር ግን» አለችው አንድ ቀን። «ይሄ ነገር ከዚህ አጥር አይወጣም። ሰው የሚያውቀው የኔን እጅ ነው። ማልልኝ።»

ማለላት። ለገብረ መድህን ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም። በዕድሜው ከሠራው ሥራ ሁሉ ይበልጣል የሚለውን ሥራ ሠርቶ ለማንም ሊያወራው አልቻለም! ልብሱን በጓሮ ያሰጣል፤ ማሚቱ ከማዶ «እጅሽ ተሻለሽ እንዴ የሺ?» ስትል ይሰማና ምላሱን ይነክሳል። ሁሴኖ መንገድ ላይ ሲያገኘው እንደወትሮው ጉራ ሊሰማ ተዘጋጅቶ ይጠይቀዋል።

«እሺ፣ ማሽኗ እንዴት ናት?»

«አለች።»

«ልብሱንስ ታነጣለች?»

«ምን ታደርግ፣ ታነጣለች።»

ሁሴኖ ግንባሩን ዳሰሰው። «ገብሬ፣ ወላሂ ደህና አይደለህም። ሐኪም ጋ ልውሰድህ?»

ጥምቀት ተቃረበ። የሺሃረግ እወጣለሁም አልወጣምም አላለችም፤ ገብረ መድህንም መጠየቅ ፈራ። በከተራው ዋዜማ ማለዳ ግን እሷ ራሷ ሣጥኗን ከፍታ ለኤፊ ምርቃት ያሠራችውን የሀበሻ ቀሚስ አወጣች፤ ከደረቱ እስከ ታች ቀይ ጥለት የወረደበት ነው። አምጥታ ክንዱ ላይ አኖረችለት።

«እንዳትቀቅለው» አለችው። ልቧ መውጣት እንደፈለገ የነገረችው በዚህች ቃል ነው።

በጨው ውሃ ነከረው፤ ሳሙናውን ግማሽ አደረገ፤ ሱፍ ላይ አዞረ። ሁለቱም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀሚሱ በመስታወቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣና ሲወርድ ያዩታል። ማሽኑ ገና በማጠብ ላይ እንዳለ መብራት ሄደ።

ከበሮው ቆመ። በሩ እንደተቆለፈ ቀረ። ቀሚሱ በሳሙና ውሃ ውስጥ ተኝቷል፤ ቀዩ ጥለት በነጩ ላይ ታጥፎ ወድቋል። መብራት ደግሞ በአሰላ ሲሄድ መምጫውን ተናግሮ አይሄድም።

የሺሃረግ ተነሥታ መስታወቱን በክንዷ ትደበድብ ጀመር። «እንደዚህ ታጥፎ ከቆየ ይለቃል! ገብሬ፣ ዐይኔ እያየ ሊለቅ ነው! አውጣልኝ!»

ሌላ ሰው ቢሆን መዶሻ ያነሣ ነበር። ገብረ መድህን ግን የታነቀ ኮምባይነር ስንቴ ከማሳ መሃል ያስነሣ ሰው ነው። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ ተንበርክኮ በማሽኑ ግርጌ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ በር ከፈተ፤ በመጀመሪያው ቀን ከፍቶ ያያት ናት። ትሪ ደቅኖ መክደኛውን ላላ ሲያደርገው ውሃው ወረደ። ትሪው ሞላ፤ ደፋው፤ መልሶ ደቀነ። ውሃው ሲያልቅ እጁን አስገብቶ ከመክደኛው አጠገብ ያለችውን ቀጭን ገመድ ወደ ታች ሳባት። ቀጭ አለና በሩ ተከፈተ።

ቀሚሱ አልለቀቀም። ገና አልለቀቀም፤ ሳሙናው ግን እንዳለ ነው። ገብረ መድህን ሳፋውን አምጥቶ ከሮቶው ውሃ ሞላ። የሺሃረግ እንደ ልማዷ እጅጌዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ እጆቿን ወደ ውሃው ዘረጋች። ጣቶቿ አልተዘረጉም። ጥቂት አየቻቸውና መልሳ ጉያዋ ውስጥ አደረገቻቸው።

«አንተ ግባበት» አለችው።

ገባበት። «አትሸው!» ትለዋለች። «ከፍ አድርገህ ልቀቀው። እንደገና። ጥለቱን ለብቻው ያዘው፣ ነጩን እንዳይነካ። አትጠምዝዘው፣ ከሥሩ ደግፈህ አውጣው። ውሃውን ቀይር።» ይቀይራል። ውሃው ሌሊቱን ብርድ ሲመታው ያደረ የጥር ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ጣቶቹን ቆረጠመው፣ ቀጥሎ አንጓውን፣ ከዚያ እጁ የሱ መሆኑ ቀረ። የኮምባይነር ሙቀትና አቧራ የለመደ ሰው ይህን አያውቀውም ነበር።

«ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ውሃ ነበር?» አላት።

«በምን መስሎህ ነበር?»

ገብረ መድህን እጁ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ሥራ ይልቅ በሌላ ሰው ሥራ ኮራ። ከዚያ ውሃውን ደግሞ ቀየረ።

በከተራው ዕለት ከቀትር በኋላ የሺሃረግ ወጣች።

ቀሚሱ ፀሐይ ሲያገኘው ዐይን አያሳይም፤ ቀዩ ጥለት በቦታው፣ ነጩ በቦታው ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ከሥሩ ሸፍና ታቦቱን ከሚጠብቁት ሴቶች መሃል ስትገባ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። አንዷ የእጅጌውን ጫፍ፣ ሌላዋ ዘርፉን ይዘው ያዩታል። ማሚቱ ከሁሉም ድምፅ በላይ ጮኸች።

«እሰይ! እሰይ! እጅሽ ዳነልሽ ማለት ነው! ይሄን የመሰለ ንጣት ከሌላ ሰው እጅ አይወጣም!»

ገብረ መድህን ከወንዶቹ ጋር ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። ሰምቷል። ምሏልና ዝም አለ፤ ዝም ለማለት ግን መሬት መሬቱን ማየት ነበረበት።

የሺሃረግ «አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ስሟም እንደነበረ ይኖር ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ገለጠች፤ የተጣጠፉትን ጣቶቿን በሴቶቹ ሁሉ ፊት አወጣቻቸው።

«እጄስ አልዳነም» አለች። «አይድንምም ብለውኛል። ይሄን ያጠበው ገብሬ ነው።»

«ማን?»

«ባሌ ነዋ። ግማሹን በማሽን፣ ግማሹን በገዛ እጁ።»

ማሚቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ወንድ?»

«አዎ ወንድ! ምነው፣ ከመሃላችሁ እንደሱ የሚያጥብ ባል ያላት አለች?»

 ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ወደ ወንዶቹ ተመለከቱ፤ ወንዶቹም ዞረው ገብረ መድህንን አዩት። ዕድሜውን ሙሉ ስለራሱ ሲያወራ የኖረው ሰው፣ ዓለም ሁሉ ሊሰማው ባዘነበለበት በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል አጣ።

«ገብሬ! ና ወዲህ» አለች የሺሃረግ። «ከኔ ጋር ሂድ።»

ከወንዶቹ መሃል ወጥቶ መጣ። ያቺን የማትዘረጋ እጇን በሰው ሁሉ ፊት በእጁ ያዘ፤ ታቦቱ ሲወጣም ጎን ለጎን ሆነው ተከተሉት።